የሐሙስ ክዳን

አባቴ ፈንታ ቢረሳው፣ በአፉላ የታወቀ፣
ሰባት ቤት ቆጣሪ ነበር፣ ከአባቱ አፍ የጠበቀ።
ልጅ ሊታጭ የታሰበ ቀን፣ ከሐይፋ፣ ከሐዴራ፣
ሽማግሌ ይመጣበታል፣ በአውቶቡስ ተራ በተራ።
ጣቱን አንድ ባንድ ያጥፋል፣ ሳይጣደፍ፣ ሳይሳሳት፦
«ዘር አይነካካም፣ ይጋቡ»፤ ወይም «ተዉት፣ እህቱ ናት»።
(ቢረሳው የአያቴ ስም ነው።
ትንቢት አልመሰለንም ነበር።)

ቀን ቀን የኪቡጹ ማሳ ላይ፣ ከቲማቲሙ መሀል፣
ጥቁር ቧንቧ ይዘረጋል፣ የጠብታ መስኖ ይከፍታል።
«ግፊት ሲበዛ» ይለኝ ነበር፣ «ዋናው ቧንቧ አይጎዳም፤
ወፍራም ነው፣ ይችለዋል፣ ድምፅም አያሰማም።
የሚፈነዳው ጫፉ ነው፣ እንደ ክር የቀጠነው፤
ዳር ያለችው ችግኝ ናት፣ ሳትጮህ የምትደርቀው።»

ነርሷ ክንዱን ጠፍራ ነፋች። መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር።
«ምኔን አመመኝ?» አላት። እውነቱን ነው፣ ምንም አላመመውም ነበር።
ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ፣ ከዛጉ ቁልፎች ጋር ከትቶ፣
ከአውቶቡስ ጣቢያው ጥግ በጨው የታሸ ሱፍ ገዝቶ፣
ቅርፊቱን እየተፋ ገባ፣ ከንፈሩ በጨው ነጥቶ።
እኔ የዚያው ክሊኒክ አስተርጓሚ፣ ምላሴ ለሰው ተከራይቶ፣
የሰውን አባት ስገሥጽ፣ የኔው ቀረ ተዘንግቶ።

እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት።

መጀመሪያ የሄደው ዕብራይስጡ ነው፤
ኋላ የመጣ እንግዳ፣ ቀድሞ ነው የሚሰናበተው።
ሾፌሩን ሊያመሰግን አፉን ይከፍታል፣
ቃሉ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።
ቀጥሎ የመዝጊያዎቹ ተራ፣ የቱ ግራ፣ የቱ ቀኝ፤
አንድ ማለዳ ማሳው ባሕር ሆኖ፣ «ማን ከፈተው?» ሲል በስልክ ጠየቀኝ።
«እርጅና ነው» አልን። እርጅና ስንቱን ይሸከማል!
ያልመረመረውን ሁሉ ሰው በእርጅና ላይ ይጭናል።

ከቂጣው በዓል ማግስት ታናሽ ወንድሜ ኦፊር ሊያጭ፣
ሳሎናችን ሞላ፤ ከሶፋ የተረፈው ወንበር ላይ፣ ከወንበር የተረፈው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ።
አባቴ እጁን አነሣ። ከትንሿ ጣት ጀመረ።
«አንድ፣ እኔ ፈንታ። ሁለት፣ ቢረሳው። ሦስት፣ አለነ። አራት፣ ሸጋው። አምስት...»
አውራ ጣቱ ሳይታጠፍ ቆመ።
«ስድስት ካሣ ነው፣ ሰባት ውቤ። አምስት...»
ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ሰማነው።
«ይለፍ፣ አባ ፈንታ» አሉ አንዱ፣ «እናውቅዎ የለም ወይ?»
«የሌለኝን ስም አልሰጥም» አለ።
«ዘር በግምት አይቆጠርም። ኔቲቮት ያሉትን አለቃ ጠይቁ።»
ተነሥቶም ወደ መኝታ ቤት ሊገባ፣ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተ።

ሐኪሟ የአንጎሉን ሥዕል ብርሃን ላይ ሰቀለች፤
እዚህም እዚያም ነጭ ነጥብ፣ ጤፍ እንደተበተነበት።
ስለ ቀጫጭን ደም ሥሮች አወራች።
የስንቱን ሕመም ያስተረጎምኩ፣ ያን ቀን ቃል አጣሁ።
ስለዚህ የራሱን ቃል መለስኩለት፦
«አባ፣ ዋናው ቧንቧ ደህና ነው። ጫፎቹ ናቸው።»
ሥዕሉን እንደ ማሳ፣ ከዳር እስከ ዳር አየው።
«ስንት ዓመት ሆነው?»
«አሥራ አንድ።»
«እና ይህን ሁሉ ዓመት፣ መዝጊያውን የነካው የለም?»
የለም፣ አባ።

የደረቀው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል፣
ብላናለች ሐኪሟ። ጨው ቀነስን። ሱፉ ሳይቆላ፣ ሳይታሽ ይገዛል።
ሰባት ክዳን ያላት የክኒን ሣጥን አመጣሁለት፣
በየቀኑ ክዳን ላይ አንዳንድ አባት ጻፍኩበት፦
እሑድ ፈንታ፣ ሰኞ ቢረሳው፣ ማክሰኞ አለነ፣ ረቡዕ ሸጋው፤
ዓርብ ካሣ፤ ሰንበትን የያዘው ውቤ ነው።

የኔቲቮቱ አለቃ ስሙን ነገሩን፤ ኦፊርም አገባ።
እስክሪብቶ ይዤ ወደ ሐሙስ ክዳን ስጠጋ፣
እጄን ያዘኝ። «ተይው። በግሌ ላግኘው።»

ሐሙስ ሐሙስ ክኒኑን ይውጣል፣ ውሃውን ይጨርሳል፤
ከዚያ ባዶውን ክዳን፣ ያንን ያልታጠፈውን ጣት አንሥቶ፣
ቀስ ብሎ ያንኳኳል።